ጓዳውን የከፈቱት እናት፦ የወይዘሮ አሰገደች ሀብቴ የሕይወት ታሪክ

ሐሙስ ጥር 7 ቀን 1928 ዓ.ም. በሆሳዕና ማርያም ቅጥር ግቢ፣ ከቀብራቸው በፊት እንዲነበብ በልጃቸው በብሩ ሰይፈሥላሴ የተጻፈ

ወይዘሮ አሰገደች ሀብቴ፣ በክርስትና ስማቸው ወለተ ሥላሴ፣ ከአባታቸው ከአቶ ሀብቴ ቸኮልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወይንሸት ብሩ በጥቅምት ወር 1885 ዓ.ም. በቡልጋ ተወለዱ። ከሳቸው በፊት የተወለዱትን ሁለት ወንድሞቻቸውን ክፉ ቀን ስለ ወሰዳቸው፣ ወላጆቻቸው እንደ ዓይን ብሌን አድርገው አሳደጓቸው። አባታቸው ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ይሁን የልጅቷ ነዝናዛነት አሸንፏቸው፣ ፊደል አስቆጥረዋቸው መልእክተ ዮሐንስ እስከ ማንበብ ደርሰዋል። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ይህ ብዙ ነበር።

በ1897 ዓ.ም.፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው፣ አባታቸው ወደ ሐድያ አገር በሹመት ሲታዘዙ አብረው መጡ። ያን ጊዜ ሆሳዕናን ብዙ ሰው ዋቸሞ እያለ ይጠራት ነበር። ከተማ ከሚባል ይልቅ ሰፈር ቢባል ይቀል ነበር፤ ጥቂት የሣር ቤት፣ አንድ ግምጃ ቤት፣ ቀሪው እንሰት ነው። ወይዘሮ አሰገደች ገበያ ለገበያ እየተዘዋወሩ ሐድይኛውን በሁለት ዓመት አቀላጥፈው ተናገሩ። አባታቸው አስተርጓሚ ቀጥረው ነበርና፣ አስተርጓሚው ከተናገረ በኋላ ልጃቸውን «እውነት እንዲህ ብሏል?» ብለው የመጠየቅ ልማድ አደረባቸው። አስተርጓሚውም ይህን ልማድ አልወደደውም ይባላል።

በ1900 ዓ.ም. በጥር ወር ከግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ከአቶ ሰይፈሥላሴ ወንዳፈረው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። አቶ ሰይፈሥላሴ የእጅ ጽሑፋቸው ያማረ፣ ቃላቸው የተመረጠ፣ ስለ ስማቸውም እጅግ የሚጠነቀቁ ሰው ነበሩ። በ1901 ዓ.ም. ልጃቸው አበራሽ ተወለደች። በሰኔ 1903 ዓ.ም. ደግሞ ብሩ ተወለደ። ይህን የሚጽፈው እሱ ነው፤ ነገር ግን እንደ ወጉ ስለ ራሱም እንደ ሌላ ሰው አድርጎ ይጽፋል።

ብሩ ሲወለድ ሁለቱም እግሮቹ ወደ ውስጥ ተቆልምመው፣ መርገጫቸው ወደ ላይ ዞሮ ነበር። አዋላጇ በጨርቅ ጠቅልለው ለእናቱ ሰጡ። በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ አባ ወልደ ሰንበት፣ የቤቱ የነፍስ አባት፣ ራቁቱን ውኃ ውስጥ ሲያጠልቁት እግሩን አዩ፤ አይተውም ዝም አሉ። በዚያ ዘመን እንዲህ ሆኖ የተወለደ ልጅ የወላጆቹን ኃጢአት ተሸክሞ መጣ ይባል ነበር። ማን ምን እንደ ሠራ ይመረመራል፤ የእናቲቱ ዘር ይቆጠራል፤ የሚመጣው ልጅ ሁሉ እንዲህ ይሆናል ተብሎ የእኅት ጋብቻ ይሰናከላል። ሁለት ጊዜ ጠበል ተወስዷል። ሦስተኛውን ጊዜ አባቱ ከለከሉ፤ በመንገድ ሰው ያያል ብለው ነበር።

ልጁ ሦስት ዓመት ሆኖት እኩዮቹ ሲሯሯጡ የጎረቤት ጥያቄ በዛ። ወላጆቹ መክረው፣ ብሩ ቡልጋ ከዘመድ ቤት ለትምህርት ተልኳል ብለው ተናገሩ። በማግሥቱ ብሩ ጓዳ ገባ። ለአራት ዓመት ተኩል ከዚያ አልወጣም። ፀሐይ የሚያየው ሁልጊዜ እሑድ እሑድ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቅዳሴ ሲሄድ፣ እናቱ ተሸክመው ከእንሰቱ ጀርባ ሲያስቀምጡት ብቻ ነበር። ስለዚህም ወይዘሮ አሰገደች ቅዳሴ የምታስታጉል ተብለው በሰፈሩ ታምተዋል። ሐሜቱን ችለውታል።

በዚህ ላይ አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። ደብዳቤው ከቡልጋ እንደ መጣ ሆኖ ይታጠፋል፤ እንግዳ በተሰበሰበበት ይነበባል። የእጅ ጽሑፋቸው ውብ ነበር ብለናል፤ ውሸታቸውም እንደ ጽሑፋቸው የተስተካከለ ነበር። በደብዳቤው ብሩ በአምስት ዓመቱ ወንጌል አነበበ፤ በስድስት ዓመቱ ዳዊት ደገመ፤ በሰባተኛው ዓመት ድምፁ ስለ ተመሰገነ ለዜማ ታጨ። እንግዶቹ «ይባርከው» ይሉ ነበር። የጓዳው ብሩ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ ይህን ሁሉ ይሰማል። እናቱን አንድ ቀን የደብዳቤው ብሩ ማን እንደ ሆነ ጠይቋቸው ስላልነገሩት፣ ስሙ ከሱ ጋር አንድ የሆነ፣ እግሩ ግን ደኅና የሆነ ወንድም ሩቅ አገር አለው ብሎ ለራሱ ደመደመ። ይወደውም ነበር። እውነቱን ለመናገር አባቱ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት ጓዳ ገብተው ፊደል ያስቆጥሩት ነበርና፣ ከደብዳቤው ብሩ በጥቂቱ ብቻ ነው ወደ ኋላ የቀረው።

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ያ ክፉ በሽታ አገሩን ሁሉ ሲፈጀው፣ ከሸዋ የተመለሰ አንድ ነጋዴ በቡልጋ የተማሪ ቤቱ ልጆች አለቁ ብሎ ወሬ ይዞ መጣ። የሆሳዕና ሰው ይህን ሲሰማ የአቶ ሰይፈሥላሴን ልጅ አሰበ። እንደ ወጉ ወሬው ከወላጆቹ ተደብቆ፣ ሽማግሌዎች ተመካክረው፣ ጥር 16 ቀን ገና ጎህ ሲቀድ አባ ወልደ ሰንበትን ከፊት አስቀድመው መርዶ ሊያረዱ መጡ። ከደጅ ሆነው የሰይፈሥላሴን ስም ሲጠሩ ያ ቤት ሁሉን ተረዳ። አባ ወልደ ሰንበት «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» ብለው ጀመሩ። ሴቶቹ ጮኹ። አቶ ሰይፈሥላሴ አንድ ጊዜ ባለቤታቸውን አዩ፤ ከዚያም ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ ጎትተው ተከናነቡ። ለቅሶውን ተቀበሉት ማለት ነው።

ወይዘሮ አሰገደች በዚያች ሰዓት ምን እንዳሰቡ ከብዙ ዓመት በኋላ ለልጃቸው ሳይደብቁ ነግረውታል። መጀመሪያ በልባቸው የመጣው ሐሳብ «ተገላገልሁ» የሚል ነበር። ዝም ቢሉ ከእንግዲህ ማንም አይጠይቅም፤ ደብዳቤ አይጻፍም፤ አበራሽም ባል ታገኛለች፤ ልጁም በጓዳው እንደ ሆነ ይኖራል። ዝምም አሉ። ንፍሮ ተጣደ፤ ከሰፈርም ከገጠርም ሰው መጣ፤ ገባሮችም እንደ ግዴታቸው መጥተው ከአጥሩ ሥር ተቀመጡ። አልቃሿ በብሩ ስም ሙሾ አወረደች፤ ድምፁን፣ ዳዊቱን፣ እግሩ ያልደረሰበትን የሠርጉን ቤት እያነሣች ሰዉን አስለቀሰች። ይህ እስከ ቀትር ድረስ ቆየ።

ቀትር ላይ ወይዘሮ አሰገደች ውኃ ለመጠጣት ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ብሩ በመደቡ ላይ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ፣ እንደ ትልቅ ሰው ወገቡን አሥሮ፣ እንባው እየወረደ ተቀምጦ አገኙት። ቀና ብሎ «እማዬ፣ ያኛው ብሩ ሞተ?» አላቸው።

ልጁ በሰባት ዓመት ተኩል ዕድሜው የቤቱን ውሸት ሁሉ አምኖ ኖሮ፣ አሁን ለራሱ ለቅሶ ተቀምጧል። እናታችን ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ሲተርኩ እንዴት ከጓዳው እንደ ወጡ አላስታውስም ይሉ ነበር። ለቅሶ የነበረ ሰው ግን ሁሉ ያስታውሳል። ልጃቸውን አዝለው ወጥተው ከሰዉ መካከል ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት። የተጠቀለለበትን ጨርቅ ፈትተው እግሩን ለሁሉም አሳዩ። «ልጄ ይኸውላችሁ። ቡልጋ አልሄደም። በእግሩ አፍሬ እኔ ነኝ የደበቅሁት» አሉ። እኔ ነኝ አሉ እንጂ ባለቤቴ ነው አላሉም።

በሕይወት ላለ ልጅ ሙሾ ማውረድ ሟርት ነውና ሴቶቹ ተቆጡ። አልቃሿ ነጠላዋን አራግፋ ሄደች። አንዳንዱ ተሳለቁብን ብሎ፣ አንዳንዱም ደንግጦ ወጣ። አባ ወልደ ሰንበት ግን ካሉበት አልተነሡም፤ «ክርስትና ያነሣሁት ልጅ ነው፤ በየትኛው ዳኛ ፊት ነው የሞተው?» አሉና ንፍሮውን ለልጁ እንዲሰጡት አዘዙ። ብሩ ያን ቀን ለራሱ ለቅሶ የተቀቀለ ንፍሮ በላ። ጣፋጭ ነበር።

በዚያው ሰዓት ነው ከአጥሩ ሥር ከተቀመጡት ገባሮች አንዱ፣ የሌሞው ሰው አቶ አኑሎ ላምቤቦ፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ ቀርበው የልጁን እግር በሁለት እጃቸው የያዙት። በሌሞ አገር ሁሉ የታወቁ ወጌሻ ነበሩ፤ አባታቸውም አያታቸውም እንዲሁ። እግሩን አገላብጠው፣ አጥንቱን በአውራ ጣታቸው ዳስሰው፣ ወይዘሮ አሰገደችን አዩዋቸው። አማርኛቸው «እርስዎ» የሚለውን ገና አልያዘም ነበርና «ሲወለድ ለምን አላሳየሽኝም? ያኔ ቅቤ ነበር። አሁን እንጨት ሆኗል» አሏቸው።

በየዓመቱ ለመስቀል ግብራቸውን ይዘው ከዚያ ደጃፍ ሲቀመጡ፣ በአቶ አኑሎና በብሩ እግር መካከል የነበረው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበር። ቤተ ሰቡ ሁለት ጊዜ ጠበል ሄዷል፤ ከሸዋ መድኃኒተኛ አስመጥቷል። ከደጁ የተቀመጠውን ገባር ግን አንድ ቃል አልጠየቀም። ማር ማምጣታቸውን እንጂ እግር ማቃናታቸውን የጠየቃቸው የለም። ወይዘሮ አሰገደች ይህን ስሕተት እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ይቅር ሳይሉት ኖረዋል። ሲናደዱ የሚናደዱት በሌላ ሰው ሳይሆን በዚህ ነበር።

ከተማው ለወራት «ሙት ያስነሣች» እያለ አሾፈባቸው። ባለቤታቸው እስከ ፋሲካ ድረስ አላናገሯቸውም። እሳቸው ግን በሳምንቱ በቅሎ አስጭነው ልጃቸውን ይዘው ሌሞ ወርደው አቶ አኑሎ ቤት ሰነበቱ። የብሩ እግር እንደ ተፈራው ሙሉ በሙሉ አልተቃናም፤ ሆኖም በሁለት ዓመት ድካም መርገጫው መሬት ነካ። ዛሬ በከዘራ ይሄዳል። ከዚህ የበለጠው ግን እናቱ በዚያ ቤት የተማሩት ሙያ ነው።

ሙያው እንዲህ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን እግር በሞቀ ውኃ ታጥቦ ቅቤ ይቀባል። እናቲቱ ጡት ታጎርሰዋለች። እየጠባ ሳለ እግሩ በዝግታ ወደ ደኅናው መንገድ ይታሻል፤ ካለቀሰ እጅ ይነሣል፤ እስኪተው ይጠበቃል። ከዚያ ከተፈተለ ጥጥ በላይ ስስ የቀርከሃ ስንጥር ተደርጎ፣ በደንብ ተፍቆ በለሰለሰ የእንሰት ቃጫ ይታሰራል። በሳምንቱ ይፈታል፤ ይታጠባል፤ ጥቂት ይጨመራል። አቶ አኑሎ ለተማሪያቸው ደጋግመው የነገሯቸው አንድ ነገር ነበር፤ አጥንት አይታዘዝም፤ ይለመናል። እጅግ ትዕግሥት ይጠይቃል። ወይዘሮ አሰገደች በተፈጥሯቸው ትዕግሥት የሌላቸው ሰው ነበሩና፣ በዚህ ሥራ ላይ ከየት እንደሚያመጡት የሚያውቃቸው ሁሉ ይገረም ነበር።

በ1914 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን የአንዲት ሕፃን እግር አቃኑ። ልጅቷ ዛሬ ከዚህ ቆማ ታለቅሳለች፤ ማን እንደ ሆነች እግሯን አይቶ የሚለይ የለምና ስሟን አንጠራም። በ1915 ዓ.ም. ግን ሾኔ ሄደው ያሰሩት አንድ ሕፃን ማሰሪያው ጠብቆበት አውራ ጣቱ ጠቁሮ ወደቀ። ይህን የሰሙ ዕለት ተመልሰው ሄደው፣ ከልጁ ወላጆች ደጅ ሳይገቡ ውለው ይቅርታ ለመኑ። ከዚያም ወዲህ ሕፃን ሊያስሩ ሲቀመጡ አስቀድመው ይህን ይናገራሉ፤ «የሾኔውን ልጅ ጣት ያስቀረሁት እኔ ነኝ» ይላሉ። እናት ከጎናቸው ሳትቀመጥ፣ ጣቱን ተጭና ደም ሲመለስ ማየትን ሳትማር፣ አንድ ሕፃን አስረው አያውቁም።

ሥራው እጅግ የተስፋፋው ግን በባለቤታቸው ነው። አቶ ሰይፈሥላሴ እርቅ ካወረዱ በኋላ አንድ ቀን ጠረጴዛቸው አጠገብ ቁጭ ብለው፣ ምን ልጻፍልሽ ብለው ጠየቁ። ልጅ ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሣል፤ ካህኑም ሕፃኑን ራቁቱን ያየዋል። ስለዚህ ለዱራሜ፣ ለአንጋጫ፣ ለሾኔና ለሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት ካህናት በዚያ ባማረ ጽሑፋቸው ደብዳቤ ተጻፈ። ክርስትና ስታነሡ እግር ተመልከቱ፤ የተቆለመመ ካያችሁ ዝም አትበሉ፤ በሳምንቱ ውስጥ ለሆሳዕናዋ አሰገደች ላኩላት የሚል ነበር። አባ ወልደ ሰንበት የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሲያነቡ፣ እኔ ግን ዝም ብዬ ነበር ብለው አለቀሱ። ክርስቲያን ላልሆነው የሐድያና የከምባታ ሰው ደግሞ አቶ አኑሎ ይህንኑ ቃል በአዋላጆች በኩል ላኩ። አቶ ሰይፈሥላሴ በ1919 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ እነዚህን ደብዳቤዎች መጻፍ አላቋረጡም።

እግር ሁሉ አይቃናም። ዓይኑን ፈንጣጣ ያጠፋበት ልጅ በቃጫ አይድንም፤ መስማት የተሳናትም፣ አእምሮው የዘገየውም እንዲሁ። ወይዘሮ አሰገደች ይህን አልካዱም። አድናለሁ ብለው ለማንም እናት ዋሽተው አያውቁም። የማይድነው ልጅ ግን ከሚድነው ይልቅ እንዲወጣ ይፈልጉ ነበር። ብሩን የጎዳው እግሩ ሳይሆን ጓዳው ነው ይሉ ነበር፤ አራት ዓመት ተኩል ሙሉ ሰው ሳይጠራው፣ ከእኩያ ጋር ሳይጣላ፣ ማዕድ ላይ እጁ ከሌላ እጅ ጋር ሳይጋጭ መኖሩ። የተማሪ ቤቱ አስተማሪ መሬት ላይ የሚጎተት ልጅ አልቀበልም ሲሉ፣ ወይዘሮ አሰገደች በየጠዋቱ ብሩን አዝለው ሄደው ከሚማሩበት ዛፍ ሥር፣ ከተማሪዎቹ ሁሉ ፊት፣ ትምህርቱ እስኪያልቅ ልጃቸውን እንዳዘሉ ቆሙ። በአሥረኛው ቀን አስተማሪው አፍረው ሰሌን አነጠፉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ተማሪ ቤት ማየት የማይችሉ ሦስት ልጆች ዳዊት በቃላቸው ተምረዋል፤ ከሦስቱ አንዱ ዛሬ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ማሕሌት ይቆማል።

ጠባያቸው ሁሉ ደግሞ የሚወደድ አልነበረም። ለቅሶ ሲደርሱም ሆነ ልጅ ሊጠይቁ ሲሄዱ የቤቱን ልጆች ይቆጥራሉ። ስንት ወለዳችሁ ይላሉ፤ ከዚያ ስንት ዋንጫ፣ ስንት ቁርበት እንዳለ በዓይናቸው ይቃኛሉ፤ ካልገጠመላቸው አይነሡም። አንድ ባለርስት ቤት ሦስት ልጆች አሉን ተብለው፣ አራተኛ ትንሽ ጣባ አይተው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ተቀምጠው፣ በመጨረሻ ጓዳው እንዲከፈት አድርገዋል። ከተማው «ጓዳ ፈታሿ» ይላቸው ነበር። ሲመጡ ከሩቅ ያየ ልጅ ሮጦ ለእናቱ ይናገራል። ስድብ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ደስ ይላቸውም ነበር።

ወለተ ማርያምን ያገኟት በዚሁ መንገድ ነው። በ1917 ዓ.ም. ከአንጋጫ ሲመለሱ አርፈው ባደሩበት ቤት፣ ስድስት ዓመት ያህል የሆናት፣ የማትሰማና የማትናገር ልጅ ከብት በሚታሰርበት ጥግ ተቀምጣ አገኙ። ወላጆቿ ሞተዋል፤ ዘመዶቿም ስም አላወጡላትም፤ «ያቺ» ይሏት ነበር። ክርስትና እናት ሆነው አስጠመቋት፤ ቤታቸው አምጥተው አሳደጓት። ጆሮዋ ስለማይሰማ ጉንጯን ሁለት ጊዜ በመንካት ይጠሯት ነበር፤ ቤተ ሰቡም ሁሉ እንዲሁ። ዛሬ የሕፃን እግር በማሰር ከወይዘሮ አሰገደች የምትበልጥ እሷ ናት። ይህን የሚሉት ራሳቸው ወይዘሮ አሰገደች ነበሩ፤ ልጅ ሲያለቅስ የማልሰማ ብሆን እኔም እረጋ ነበር ብለው ይቀልዱ ነበር። ወለተ ማርያም ግን ልጅ ሲያለቅስ በእጇ መዳፍ ከደረቱ ታውቀዋለች፤ ከሁላችንም ቀድማ ታቆማለች።

በ1922 ዓ.ም. አካባቢ አንድ ፈረንጅ ሐኪም በሆሳዕና ሲያልፉ ሥራቸውን አይተው፣ የት ተማሩት ብለው በአስተርጓሚ ጠየቋቸው። ወይዘሮ አሰገደች አቶ አኑሎን አስጠርተው ከፊታቸው አስቀመጡና፣ ጥያቄው ለሳቸው ነው አሉ።

ካለፈው ዓመት ሐምሌ ጀምሮ የጉበት ሕመም ጸንቶባቸው ነበር። ሰውነታቸው ሲያብጥም ሕፃን ሲመጣላቸው ተደግፈው እየተቀመጡ ያዩ ነበር፤ እጃቸው ሲደክም ወለተ ማርያም ታስራለች፤ እሳቸው በዓይን ይከተላሉ። ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት ሕፃን ታኅሣሥ 20 ቀን ከሌሞ የመጣ የአሥራ አንድ ቀን ልጅ ነው። ቅቤ ነው ብለው ፈገግ አሉ። ረቡዕ ጥር 6 ቀን 1928 ዓ.ም. ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው፣ በተወለዱ በአርባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

ወይዘሮ አሰገደች እናታቸውን ወይዘሮ ወይንሸት ብሩን፣ ባለቤቷ ዘመቻ ላይ ያለባትን ልጃቸውን ወይዘሮ አበራሽ ሰይፈሥላሴን ከሦስት ልጆቿ ጋር፣ ልጃቸውን ብሩ ሰይፈሥላሴንና የክርስትና ልጃቸውን ወለተ ማርያምን ትተው ሄደዋል። መምህራቸው አቶ አኑሎ ላምቤቦም በሽምግልናቸው ከሌሞ በበቅሎ መጥተው፣ ዛሬ ከአጥር ሥር ሳይሆን ከአስከሬኑ ራስጌ ተቀምጠዋል። በወይዘሮ አሰገደች እጅ ያለፉትን ሕፃናት ቁጥር ማንም አያውቀውም፤ እሳቸውም ቆጥረው አያውቁም። ደካሞችን ወደ ማዕዱ የጠራ አምላክ ነፍሳቸውን ከዚያው ማዕድ ያስቀምጥልን፤ ለእናታቸውም መጽናናቱን ይስጥልን።

አንድ ኑዛዜ ቀርቷል። ማክሰኞ ማታ አባ ወልደ ሰንበት ባሉበት ለልጃቸው ተናግረውታል፤ እንዲነበብም አዘዋል። ቃላቸው ይህ ነው፦ «ቤቱ ልጅ ዘግቶ የመጣ ሰው አፈር አያልብሰኝ። አልቆጣም፤ እኔም ዘግቻለሁ። ሄዶ ያምጣው፤ ከዚያ ያልብሰኝ።»

ስለዚህ አካፋው አልተነሣም። ማን እንደ ሆናችሁ አንጠይቅም፤ ማንም ማንንም ዞሮ እንዳይመለከት አባ ወልደ ሰንበት አዘዋል። ፀሐይ ገና ናት። ሂዱና አምጧቸው፤ እንጠብቃለን።